ዳኛው አይቶ የሚያልፈውን ለእኛም ንገሩን

ለወርልድ ራግቢ የሕግ ክፍል
ደብሊን

ጉዳዩ፦ እየታዩ ስለሚታለፉ ጥፋቶች
ግልባጭ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳኛ ላይ ለምንጮህ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤው በአማርኛ ስለሆነ አትቀየሙኝ። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር ከተማ ነው፤ በእንግሊዝኛ መጻፍም አያቅተኝም። ግን እኔ ስናደድ የምናደደው በአማርኛ ነው። ደግሞም የአገሬ ልጆች እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ራግቢን ባያውቁም ዳኛ ላይ መጮህ ምን እንደሆነ ከማናችሁም በላይ ያውቃሉ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥር ነው። የአክስቴ ልጅ ከለንደን ሊጠይቀኝ መጣና "እስቲ ይሄን ሌት ተቀን የምታወራለትን ነገር አሳየኝ" ሲለኝ ዌልፎርድ ሮድ ስታዲየም ይዤው ሄድኩ። እሱ የእግር ኳስ ሰው ነው። ከማን ጋር እንደነበር አልናገርም፣ ዳኛውን ልከስ አልመጣሁም። ብቻ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የእኛ ልጅ ኳስ እንደያዘ ወደቀ፣ ሰው በሰው ላይ ተከመረ፣ ዳኛው ፊሽካውን ነፋና እጁን ወደ እነሱ በኩል አነሳ። ቅጣት ምት።

"ምን አጥፍቶ ነው?" አለኝ የአክስቴ ልጅ።

"ኳሱን አልለቀቀም" አልኩት በሙሉ ልብ። ከፊታችን ያሉት ሽማግሌ፣ አርባ ዓመት እዚያች ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ናቸው፣ ዞር ብለው "የለም፣ ሁለተኛው ልጅ በጎን ገብቶ ነው" አሉ። ከኋላችን ያለችው ሴትዮ ደግሞ የዳኛውን ድምፅ የምታሰማ ትንሽ ራዲዮ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች (ጥሩ ዕቃ ናት፣ ግዟት)። "ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ 'ወድቆ ኳሱን ሸፈነ' ነው ያለው" አለች። ከዚያ በትልቁ ስክሪን ድጋሚ ታየ። ሦስቱም ጥፋቶች ተፈጽመዋል። ከሦስቱም በፊት የእነሱ ልጅ ኳሱን ሊነጥቅ ሲያጎነብስ እጁን መሬት ላይ ተደግፏል፤ እሱም ጥፋት ነው። ጠቅላላ አራት።

የአክስቴ ልጅ ትንሽ አሰበና "ሁሉም ካጠፉ ታዲያ ለምን አንዱ ላይ ብቻ ተነፋ?" አለኝ።

ዝም አልኩ። መልሱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። አሥር ሺህ ሰው እየጮኸ ሊነገር የሚችል ዓይነት መልስ ስላልሆነ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው።

የሚቀጥለውን አንቀጽ እናንተ ደብሊኖች ዝለሉት፣ ለአገሬ ልጆች ነው። በራግቢ ዩኒየን በአንድ ወገን አሥራ አምስት ሰው ይሰለፋል። በእጅ ኳስ የሚቀባበሉት ወደ ኋላ ብቻ ነው። ኳስ የያዘውን ሰው አቅፎ መጣል ይቻላል፤ የወደቀው ወዲያው ኳሱን መልቀቅ አለበት፣ የጣለው ደግሞ ሰውየውን ለቆ ተንከባልሎ መውጣት አለበት። ከዚያ ከሁለቱም ወገን ሰው ይደርስና ከኳሱ በላይ ይገፋፋል። ይሄ ራክ ይባላል። ራክ ውስጥ የሚገባ ሰው ከራሱ ቡድን በኩል ከኋላ እንጂ በጎን አይገባም። በእግሩ መቆም አለበት። ኳሱን ሊነጥቅ የሚያጎነብስ የራሱን ክብደት ራሱ መሸከም አለበት። የቀሩት ከመጨረሻው እግር ኋላ ሆነው ይጠብቃሉ። ይሄ ሁሉ የሚሆነው በሦስት አራት ሰከንድ ውስጥ፣ በአንድ ጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ፣ አንዳንዶቹ ከመቶ ኪሎ በላይ በሚመዝኑ ሰዎች መካከል ነው። ፊሽካ የያዘው ግን አንድ ሰው ነው።

ሕጉ ቃል በቃል ይከበር ቢባል ጨዋታ የሚባል ነገር አይኖርም። ይሄን ያወቅሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዳኝነት ኮርስ ወሰድኩና ቅዳሜ ቅዳሜ የታችኛውን እርከን፣ የክለቦችን ሦስተኛና አራተኛ ቡድን ማጫወት ጀመርኩ። ሆዳቸው ትንሽ ወጣ ያለ የቧንቧ ሠራተኞችና አስተማሪዎች ናቸው። መስመር ዳኛ የለም፣ ካሜራ የለም፣ ዝናብ ብቻ አለ። የመጀመሪያ ቀን የሕጉን መጽሐፍ እንደ ዳዊት አጥንቼ ሄድኩ። ያየሁትን ሁሉ ነፋሁ። ፊሽካዬ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ አላረፈም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ጺማም አምበል ቀስ ብሎ ወደኔ መጣና "ሰር፣ እኛ እኮ ልንጫወት ነው የመጣነው" አለኝ። ሰር ያለኝ ለማሾፍ አልነበረም። በራግቢ ዳኛ እንዲህ ነው የሚጠራው፣ የሚያናግረውም አምበሉ ብቻ ነው። ይሄ ባህል ነው ከእግር ኳስ ያስኮበለለኝ።

ከጨዋታው በኋላ አንድ አንጋፋ ዳኛ ሻይ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡና ነገሩን አስረዱኝ። ጥፋት ስታይ ቶሎ አትንፋ። ያ ጥፋት ጨዋታው ላይ ምን አመጣ? በጎን የገባው ሰው ሲደርስ ኳሱ አስቀድሞ ወጥቶ ከነበረ ማን ተጎዳ? ማንም ካልተጎዳ እለፈው፣ በአፍህ አስጠንቅቀው፣ ከደጋገመው ያኔ ንፋበት። ከታች እኔ ካለሁበት ጭቃ አንስቶ እስከ ላይ ፍጻሜ የሚያጫውተው ሰው ድረስ ሁላችንም የምንሠራው በዚህ ነው። ኮርስ ላይ ይነገራል፣ ስልጠና ላይ ይነገራል፣ የዓመቱ መመሪያ ሲመጣም "ዘንድሮ ይሄኛው ላይ ጠበቅ በሉ፣ ያኛውን ላላ አድርጉት" ይባላል።

ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው። ለዳኛ የሚነገረው ለተመልካች አይነገርም። ተመልካቹ የሚያውቀው የሕግ መጽሐፍ አይቻልም ይላል። ሜዳው ላይ ሲሆን ያያል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ያው ነገር ይነፋበታል። መሃል ላይ ያለውን ሚዛን ያልነገራችሁት ሰው ምን ብሎ ይደምድም? "ተሸጧል" ብሎ ነው የሚደመድመው። እኔም ትኬት ከፍዬ የተቀመጥኩ ቀን፣ ዳኛ መሆኔን እያወቅሁ፣ እንዲሁ ብዬ ጮኼ አውቃለሁ።

ራኩ እንኳ ይቅር፣ ውስብስብ ነው። ስክረሙን ተመልከቱ። ስምንት ስምንት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፎ ይገፋፋል፣ ስክረም ሃፍ የሚባለው ልጅ ኳሱን መሃላቸው ያስገባል። ሕጉ ቀጥ አድርጎ ያስገባ ይላል። በ2017 አለዝባችሁት፤ ልጁ ግራ ትከሻውን ከመሃል መስመሩ ጋር አስተካክሎ፣ አንድ ትከሻ ያህል ወደ ራሱ ወገን ጠጋ ብሎ ይቁም አላችሁ። ኳሱ ግን ቀጥ ብሎ ይግባ፣ ከፊት ረድፍ አንዱም በእግሩ ይሳበው። እሺ። አሁን የፈለጋችሁትን የክለብ ጨዋታ ከፍታችሁ እዩ። ኳሱ ስንት ጊዜ በቀጥታ ሁለተኛው ረድፍ እግር ሥር እንደሚገባ ቁጠሩ። አጠገቡ የቆመው ዳኛ ያያል። እኔ ከላይኛው ደረጃ ላይ ሆኜ አያለሁ። ሻይ የምትሸጠው ልጅ ሳትቀር ታያለች። አይነፋም። ከዚያ ያው ዳኛ፣ እዚያው ስክረም ላይ፣ አንዱ የተቆላለፈበትን እጅ ለቆ ወደቀ ብሎ ሦስት ነጥብ የሚያስገኝ ቅጣት ሲሰጥ "ሕግ ነው" ብዬ እንድቀበል ትጠብቃላችሁ?

ለምን እንደሚታለፍ ይገባኛል። ኳሱ ቀጥ ብሎ ከገባ ሁለቱም ለመሳብ እግራቸውን ያነሳሉ፣ ስክረሙ ይናዳል፣ እንደገና ይጀመራል፣ ሰዓቱ ይበላል፣ የሰው አንገትም አደጋ ላይ ይወድቃል። ይሄ በቂ ምክንያት ነው። ታዲያ ጻፉታ! ወይ "ቀጥ" የምትለዋን ቃል ሰርዟት።

አንድ ነገር ግን ለዩልኝ። አለማየት ሌላ፣ አይቶ ማለፍ ሌላ። እዚህ ከተማ እየኖሩ የሚከተለውን ማንሳት ጎረቤት ያስቀይማል፣ ግን ላንሳው። ግንቦት 2002፣ ካርዲፍ፣ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሌስተርና የአየርላንዱ መንስተር። ሌስተር 15 ለ 9 እየመራ ነው፣ ጨዋታው ሊያልቅ ነው፣ መንስተር ከሌስተር መስመር አምስት ሜትር ላይ ስክረም አገኘ። ትራይ፣ ኳሱን ከተቃራኒው መስመር አሻግሮ መሬት ማስነካት፣ አምስት ነጥብ ነው፣ ተከታዩ ምት ሁለት፤ ድምሩ ሰባት፤ ዋንጫውን መውሰጃ ማለት ነው። የመንስተሩ ፒተር ስትሪንገር ኳሱን ሊያስገባ ሲል የሌስተሩ ኒል ባክ እጁን ሰደደና ኳሱን ከልጁ እጅ ላይ መትቶ ወደ ራሱ ወገን አስገባው። ዳኛው ጆኤል ዡትዥ በወዲያኛው በኩል ነበር የቆመው። አላየም። ሌስተር ዋንጫውን ወሰደ። የመንስተር ደጋፊዎች ከተማ ሊመሪክ ሄዳችሁ ዛሬም "የባክ እጅ" ብትሉ መጠጡ ይቀዘቅዛል።

ዡትዥ ቆይቶ የእናንተው ቤት የዳኞች አለቃ ሆነ። ትክክል ነው። በአሥራ ስድስት ሰው ጀርባ አሻግሮ የሚያይ ዳኛ እስካሁን አልተወለደም። ለዚህ ዓይነቱ ካሜራ አለ፣ ቲኤምኦ አለ (ለአገሬ ልጆች፦ የቫር ታላቅ ወንድም ነው፣ እኛ ዘንድ ቀድሞ ነው የመጣው)። አይቶ ያለፈ ዳኛ ግን ካሜራ አያስፈልገውም፤ ምክንያት አለው፣ እኔም የምጠይቀው ምክንያቱን ነው።

አይቻልም እንዳትሉኝ፣ ስትችሉ አይቻችኋለሁ። በ2021 ጭንቅላት ላይ ስለሚያርፍ ምት ዳኛው ደረጃ በደረጃ የሚሄድበትን መንገድ ጽፋችሁ ለሁሉም አወጣችሁ። ጭንቅላት ተነክቷል? ጥፋት ነበረበት? አደጋው ምን ያህል ነው? የሚያቀልለት ነገር አለ? አሁን መጠጥ ቤት ውስጥ ሁለት ደጋፊዎች ስለ ቀይ ካርድ ሲከራከሩ ብትሰሙ ትደነቃላችሁ። "ድንገት ዝቅ ብሎበት እኮ ነው፣ ይቀልለታል!" "የለም፣ ከመጀመሪያውም ቀጥ ብሎ ነው የመጣው!" ይጣላሉ፣ ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ነው የሚጣሉት። አንደኛው ተሸንፎ ቢራ ሲገዛ ሁሉ አይቻለሁ።

በ2025 ደግሞ ላይን አውት ላይ፣ ማለትም ከመስመር የወጣ ኳስ በሁለት ረድፍ መካከል ሲወረወር፣ ተቃራኒው ቡድን ካልተሻማበት ጠመም ብሎ ቢወረወርም ጨዋታው ይቀጥል አላችሁ። ይሄው! ማንንም ያልጎዳ ጠማማ ውርወራ እንደሚታለፍ በጽሑፍ ተነገረን። በዚያ ጉዳይ የሚጮህ ሰው ቁጥሩ ሲቀንስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የእንግሊዝ ፌዴሬሽንም በዚሁ መንገድ ተምሯል፣ ያውም በግድ። በ2023 በእኛ፣ በአማተሮቹ እርከን፣ ሰው የሚያዝበትን ከፍታ ዝቅ አደርጋለሁ ብሎ መጀመሪያ "ከወገብ" አለ፤ አገር ምድሩ ተነሳበት፤ ይቅርታ ጠየቀና "ከደረት አጥንት ግርጌ" ብሎ አስተካከለው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በፊሽካ ብዛት ከንፈሬ ደርቆ ነበር። ከዚያ ረጋ። ሁሉም መስመሩ የት እንደሆነ ያውቃላ።

አሁን ወደ ግልባጩ ልዙር። እኛም ንጹሕ አይደለንም።

ወደ ፊት ስለተሰጠ ኳስ የምንጮኸውን ጩኸት አስቡት። ኳሱ ሲነሳ አስር ሜትር መስመር ላይ ነበር፣ ሲያርፍ አሥራ ሁለት ላይ ነው፣ ስለዚህ ወደ ፊት ሄደ እንላለን። ከሚሮጥ ሚኒባስ መስኮት ብርቱካን ወደ ኋላ ብትወረውሩ እኮ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ብርቱካኑ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ዳኛው የሚያየው የሰጪውን እጅ ነው፤ እጁ ወደ ኋላ ከሰጠ ትክክል ነው። ይሄን ለአንድ ጎረቤቴ ሦስት ዓመት አስረድቼዋለሁ። አሁንም ይጮኻል።

ደግሞ "ሌባ" የምትለዋን ቃል በጥንቃቄ ያዟት። በ2009 ሃርለኩዊንስ ከሌንስተር ጋር በአውሮፓ ሩብ ፍጻሜ ሲጫወት ምን ሆነ? የሚደማ ተጫዋች በጊዜያዊነት ይቀየራል፣ ለዚያም ቀድሞ የወጣ ሰው መመለስ ይችላል። ሃርለኩዊንስ አስተማማኝ መቺውን ሊመልስ ፈልጎ ሌላ ተጫዋች የውሸት ደም ያለበት ካፕሱል እንዲነክስ አደረገ። ሌንስተር 6 ለ 5 አሸነፈ፣ ጉዱም ወጣ። ዋናው ሰው፣ የሃርለኩዊንስ አሠልጣኝ ዲን ሪቻርድስ፣ ያውም የኛው የሌስተር የቀድሞ ጀግና፣ ሦስት ዓመት ታገደ። የዚያን ቀን የተታለለው ዳኛው ነበር። በ2013 የፕሪሚየርሺፕ ፍጻሜ ደግሞ የኖርዝሃምፕተኑ አምበል ዲላን ሃርትሊ ዳኛ ዌይን ባርንስን አታላይ ብለሃል ተብሎ ከዕረፍት በፊት በቀይ ወጣ፤ እሱ "ዳኛውን ሳይሆን ተቃራኒዬን ነው ያልኩት" ቢልም አሥራ አንድ ሳምንት ታገደ። ሌስተር 37 ለ 17 አሸነፈ። እኔ ውጤቱ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

ያው ባርንስ በ2023 የዓለም ዋንጫን ፍጻሜ አጫወተና ፊሽካውን ሰቀለ፤ ቤተሰቡ ላይ ስለደረሰው ዛቻም በአደባባይ ተናገረ። የዚያ ጨዋታ የቪዲዮ ዳኛ ቶም ፎሊ በደረሰበት ስድብና ዛቻ የተነሳ ከዓለም አቀፍ ጨዋታዎች ራሱን አገለለ። በአገሬ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል። ገና በዱላ የሚጫወቱት ነው፤ ሎሌው ጌታውን ቢያቆስለው እንኳ ጌታ አይቆጣም፣ ጨዋታ ነውና። እዚህ ጌታውም ሎሌውም ቁጣውን ዳኛው ላይ ነው የሚያራግፈው።

የራሴንም ልንገራችሁ። ባለፈው መጸው የወጣቶች ጨዋታ ሳጫውት፣ የየትኛው ክለብ እንደሆነ ይቅር፣ አንድ አባት ከመስመር ዳር "ሂድና ሩጫ ዳኝ!" እያለ ጨዋታውን ሙሉ ሲከተለኝ ዋለ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ማን እንደነገረው እንጃ። ሲያልቅ ስልኩን ይዞ መጣ። ልሸሽ ነበር። ስልኩ ላይ የእናንተን የሕግ መጽሐፍ ከፍቷል፣ ስክረም የሚለው ክፍል ላይ ነው፣ ጣቱን "ቀጥ" የምትለው ቃል ላይ አድርጎ "ዛሬ ስንት ጊዜ ነፋህ?" አለኝ።

አንድም ጊዜ አልነፋሁም ነበር። ሰውዬው ባለጌ ነው፣ ግን ትክክል ነው። ሁለቱም። እኔ የነበረኝ መልስ "እሱ ይታለፋል" የሚል ብቻ ነው፤ የት ተጽፏል ቢለኝ የማሳየው ነገር የለኝም። አልኩትም። የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ለዳኞች የምትነግሩትን፣ ይሄን እለፉ ይሄን ንፉ የምትሉትን፣ አንድ ገጽ ላይ አድርጋችሁ ለሕዝብ አውጡት። በቀላል ቋንቋ። ትልልቆቹ ክለቦች ጨዋታ ባለፈ በነጋታው ቪዲዮ ቆርጠው ለዳኞች ኃላፊ ይልካሉ፣ "ይሄኛው ስህተት ነበር፣ ያኛው ልክ ነበር" የሚል መልስም ያገኛሉ። ያ መልስ እዚያው በር ዘግቶ ይቀራል። በሳምንት ሁለት ሦስቱን አውጡልን፣ የዳኛውንም ስም አትጥሩ ከፈለጋችሁ። ዝም ስትሉ እኮ ቦታውን የሚሞላው ሌላ ነው። በ2021 የደቡብ አፍሪካው የራግቢ ዳይሬክተር ራሲ ኢራስመስ ስለ አንድ ዳኛ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሆን ቪዲዮ ሲያወጣ ቀጣችሁት፤ መቅጣታችሁ ልክ ነው፣ ግን ሕዝቡ ቪዲዮውን ያየው ከእናንተ በኩል የሚያየው ስላልነበረው ነው።

የስክረሙን ነገር ግን ከዚያም በፊት ብትቆርጡልኝ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ አለኝ፣ አራተኛ ቡድን፣ ጺማሙ አምበልም አለበት። እስከዚያ ምንም ካልሰማሁ የመጀመሪያውን ጠማማ ኳስ እነፋለሁ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም። ሰውዬው መጥቶ "ሰር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?" ሲለኝ የደብሊኑን አድራሻ በወረቀት ጽፌ ኪሴ ይዣለሁ፣ እሰጠዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ፊሽካው የጨነቀው፣ ከሌስተር